የሃያ ስድስት ሃያ ስምንቱ ጋቢና

የጭነት ማመላለሻ ድርጅቱ የመለዋወጫ መጋዘን ለውጭ ሰው የሚታየው በአንዲት ጠባብ መስኮት ነው። ከመስኮቷ ኋላ የምትቀመጠውን ሴት ሾፌሮቹ «እትዬ ሻንሲ» ይሏታል። ፊት ለፊት «እትዬ» ብቻ ናት፤ ሻንሲዋ የምትጨመረው ዞር ስትል ነው። እሷም ታውቃለች። ቅር ብሏት አያውቅም።

ስሙ የወጣላት በአንድ ጥያቄ ነው። ሰው መጥቶ የፍሬን ሸራ ቢል፣ ባሌስትራ ቢል፣ የመብራት አምፖል እንኳ ቢል መልሷ አንድ ነው። «ሻንሲ ቁጥሩስ?» ሻንሲ መኪናው የተቀመጠበት የብረት አጥንት ነው። ቁጥሩ ብረቱ ላይ ተቀጥቅጦ ተጽፏል፤ ከፊተኛው ቀኝ ጎማ ኋላ፣ ጭቃና ግራሶ ለብሶ። ለማንበብ መንበርከክ፣ ባስ ሲልም በጀርባ መተኛት ይጠይቃል። ሾፌር ደግሞ መተኛት የሚወደው ጋቢና ውስጥ ነው።

«እትዬ፣ በሩ ላይ እኮ ተጽፏል፤ ሃያ ስድስት ሃያ ስምንት ነው።»

«በሩን መች ጠየቅኩህ?»

«አምፖል እኮ ነው የምፈልገው!»

«አምፖሉ የሚገባው መኪና ላይ ነው። ሂድና ተኝተህ አንብብ።»

ይህን ያስተማሯት ከእሷ በፊት መስኮቷን ይዘው የነበሩት ሽማግሌ ናቸው። በረዳትነት ስትቀጠር ስለ መኪና የምታውቀው መንገድ ስትሻገር መጠንቀቅን ብቻ ነበር። ሽማግሌው በመጀመሪያው ቀን ወደ ግቢው ይዘዋት ወጡና አንድ በር ላይ የተለጠፉትን አራት የብረት ቁጥሮች በእርሳስ ጫፍ ነኩ። 2628።

«ለሁለት ክፈያቸው» አሏት። «የፊተኞቹ ክብደት ናቸው። ሃያ ስድስት ማለት መኪናው ከነጭነቱ፣ ከነነዳጁ፣ ከነሾፌሩ፣ ከነሾፌሩ ወሬ ሃያ ስድስት ቶን ይችላል። የኋለኞቹ ጉልበት ናቸው። ሃያ ስምንት ላይ ዜሮ ጨምሪ፤ ሁለት መቶ ሰማኒያ የፈረስ ጉልበት።»

«ሃያ ስድስት ቶን ይጭናላ?»

«አየሽ፣ ሁሉም የሚሳሳተው እሱን ነው። ባዶው ራሱ አሥር ቶን ይመዝናል። አሥሩን ቀንሺ። ስንት ቀረ?»

«አሥራ ስድስት።»

«መቶ ስልሳ ኩንታል። ከዚያ ያለፈ ጭነት አክሰሉ ላይ፣ ጎማዎቹ የተሰኩበት ብረት ላይ ነው የሚጻፈው።»

ሁሉም ፋብሪካ እንዲህ አይጽፍም። አንዱ ጉልበቱን ብቻ ይለጥፋል፣ ሌላው ፊደል ያስቀድማል፣ አንዳንዱ ምን እንዳሰበ ራሱ ብቻ ያውቃል። የድርጅቱ መኪኖች ሁሉ ግን ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ስለነበሩ አንዱን ያነበበ ሁሉንም ያነባል። ሴትየዋ በሳምንቷ ለመደችው። ከሥራ ስትመለስ በአጠገቧ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነብ ጀመር። ታናሽ እህቷ አብራት ስትሄድ አይታት በሳቅ ፈረሰች። «ሰው መንገድ ላይ ባል ያያል፣ አንቺ በር ታያለሽ!»

እህትየው ባሏን ያየችው መንገድ ላይ አልነበረም። እዚያው ድርጅት ውስጥ ሾፌር ነው። ሁለቱ እህቶች ከወላጆቻቸው የቀረውን ባለ ሦስት ክፍል ቤት ተካፍለው ይኖራሉ። ሁለቱ ክፍል የባልና ሚስቱ ነው፤ ሦስተኛው የእትዬ። መሐላቸው ያለው ግድግዳ ከስስ ኮምፔንሳቶ የተሠራ ስለሆነ በአንዱ በኩል ያስነጠሰውን በሌላው በኩል «ይማርህ» ይሉታል። ሴትየዋ አላገባችም። የተጠየቀችበት ጊዜ ነበረ፤ አልሆነም፤ ስለዚያ አታወራም።

የእህቷ ባል የሚነዳው አሥራ ሰባት ቁጥርን ነው። በሩ ላይ 2628 ይላል። ጓደኞቹ «ሁለተኛ ማርሽ» ብለው ይጠሩታል፤ ዳገት ሲያይ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ወርዶ ስለሚንፏቀቅ። እኩል ጭነው፣ እኩል ተነስተው ሌሎቹ ሻይ ጠጥተው ሲጨርሱ እሱ ገና ከታች እያጓራ ይመጣል።

«መኪናዋ አትስብም» ይላል።

«መኪናዋስ ትስባለች፣ እግርህ ነው እምቢ ያለው» ይሉታል።

ለጋራዡ ሹም አመልክቶ ያውቃል፤ አንዴ አይደለም፣ አሥር ጊዜ። ሹሙ ማጣሪያዋን ቀየረላት፣ የነዳጅ ፓምፗን አስፈተሸላት፣ በመጨረሻም ትከሻውን መታ አድርጎ «ወንድሜ፣ ጫማ ቀይር» አለው። ይህ ቀልድ ግቢውን ዞሮ መስኮቷ ዘንድ ሲደርስ እትዬም ሳቀች። የእህቷን ባል ብዙም አትወደውም ነበር። ወሬ ያበዛል፤ የበላበትን ሳህን አያነሳም፤ በግድግዳው በኩል ያንኮራፋል።

ሰኞ ረፋዱ ላይ አሥራ ሰባት ቁጥር ሦስት መቶ ሃያ ከረጢት ሲሚንቶ ጭና ቁልቁለት ስትወርድ፣ መታጠፊያ ላይ የኋላ አክሰሏ ለሁለት ተሰበረ። መኪናዋ በጎን ተንሸራትታ ከመንገዱ ዳር አፈር ላይ ተደገፈች። ከረጢቶቹ ተበተኑ። የእህቷ ባል የአንገት አጥንቱና ሁለት የጎን አጥንቶቹ ተሰበሩ። ከዚያ በቀር የተጎዳ ሰው የለም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የስምሪት ኃላፊው ደብዳቤ ጻፈ። ስምሪት መኪናውን ከጭነቱ የሚያገናኝ ክፍል ነው፤ ኃላፊው ደግሞ ሱሪው ላይ ያለው የካውያ መስመር ሽንኩርት ይከትፋል የሚባልለት ሰው ነው። የደብዳቤው ሐሳብ ቀላል ነበር። በስምሪት የመኪኖች ዝርዝር ላይ አሥራ ሰባት ቁጥር 2628 ናት። የታዘዘላት መቶ ስልሳ ኩንታል ነው። መቶ ስልሳ ኩንታል የሃያ ስድስትን አክሰል አይሰብርም። እንዲህ ያለ ስብራት የሚመጣው ቢያንስ ሠላሳ፣ አርባ ኩንታል ትርፍ ሲጫን ነው። ስለዚህ ሾፌሩ በመንገዱ ላይ የራሱን ጭነት ጭኗል፤ ከአደጋው በኋላም ሰው ሳይደርስ አሽሽቶታል። ዓርብ ኮሚቴ ይቀመጥ፤ ሾፌሩ ይሰናበት።

የአንገት አጥንቱ የተሰበረ ሰው በቁልቁለት አርባ ኩንታል እንዴት እንደሚያሸሽ ደብዳቤው አላብራራም።

ማምሻውን እህትየው የእትዬን በር ሳታንኳኳ ገባች። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ ቀልቷል፤ አላለቀሰችም፤ የተናደደች ጊዜ ነው እንዲህ የምትሆነው።

«ሌባ ብለውታል።»

«ሰማሁ።»

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

«እኔማ ምን አውቃለሁ? አብሬው አልሄድኩ።»

«እትዬ! ይሄ ሰውዬ ወሬኛ ነው፣ እሺ። ሰነፍም በዪው። ግን ሌባ ነው? አሥራ ስድስት ዓመት በዚህ ግድግዳ በኩል ስትሰሚው አንድ የሰረቀውን ነገር ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

እውነቱን ለመናገር የእህቷ ባል ሚስጥር የሚይዝ ሰው አልነበረም። አርባ ኩንታል ቀርቶ አንድ ኪሎ ቢሰርቅ እራት ላይ በገዛ አፉ ያወራው ነበር።

ረቡዕ ጠዋት የጋራዡ ሹም የዕቃ መጠየቂያ ወረቀት ይዞ መስኮቷ ዘንድ ቆመ። ለአሥራ ሰባት ቁጥር የኋላ አክሰል።

«ሻንሲ ቁጥሩስ?»

«ጽፌዋለሁ፤ ከታች እይው።»

ተጽፏል። ካታሎጉን ገለበጠች፤ ቁጥሩ የ2628 ነው። አክሰሉን ሰጠችው። አራት ሰዎች በጋሪ ገፍተው ወሰዱት። ከምሳ በኋላ እነዚያው አራት ሰዎች ያንኑ አክሰል እየገፉ መለሱት። ሹሙ ከኋላቸው እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ። ፊቱ ላይ ሳቅ አለ፤ ደስ የሚል ሳቅ አይደለም።

«አይገባም፣ እትዬ። የቡሎኖቹ ቀዳዳ አይገጥምም። ተሳሳትሽ።»

«አልተሳሳትኩም።»

«ሰው ነሽ እኮ! ዛሬ አንድ ቀን ብትሳሳቺ ምን አለበት?»

«ቁጥሩን ከየት ነው የገለበጥከው?»

ሹሙ ወደ ጎን አየ።

«ከብረቱ ላይ ነው?»

«ከበሩ ውስጥ፣ ከትንሿ ሰሌዳ። ያው ናቸው እኮ። ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ጭቃ ላይ ልተኛልሽ?»

መስኮቷን ዘጋች። በሥራ ሰዓት ስትዘጋት ያየ ሰው አልነበረም። የእጅ ባትሪ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ናፍጣ የነከረችው ጨርቅና አንድ ካርቶን ይዛ ወደ ግቢው ጥግ ሄደች። አሥራ ሰባት ቁጥር በእንጨት ጉማጆች ላይ ተሰቅላለች። ካርቶኑን አነጠፈች፣ ቀሚሷን በጉልበቷ መሐል ሰብስባ ተኛች። የጋራዡ ሰዎች ሥራ አቁመው ያያሉ። አንዱ ሊያፏጭ ከንፈሩን አሹሎ ሹሙን ሲያየው ተወው።

ፋቀች። ጭቃው ረገፈ፣ ግራሶው ቀለጠ፣ ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ወጡ። በመዳፏ ላይ ጻፈቻቸው። ተመልሳ ካታሎጉን ስትገልጥ ጣቷ የቆመው ሌላ ገጽ ላይ ነበር።

2224።

ሃያ ሁለት ቶን። ሁለት መቶ አርባ ፈረስ። ጎማው እኩል አሥር፣ መልኩ አንድ፣ ጋቢናው አንድ፤ ከውጭ ለሚያየው ከ2628 የሚለየው ነገር የለም። ከስር ግን አክሰሉ ይሳሳል፣ ሞተሩም ያንሳል። የራሷን ክብደት ሲቀንሱላት አሥራ ሰባት ቁጥር መጫን የሚገባት መቶ ሃያ አምስት ኩንታል ነው። የሚያስጭኗት መቶ ስልሳ። ሠላሳ አምስት ኩንታል ትርፍ። የስምሪት ኃላፊው ግምት ትክክል ነበር። የተሳሳተው ማን እንደጫነው ነው።

ሹሙ መስኮቷ ላይ ተደግፎ ሲያይ ቆየና በቀስታ «ባሌስትራውም» አለ።

«ባሌስትራው ምን?»

«የዛሬ አራት ዓመት ስንቀይር አልገባም ብሎ በመጋዝ ቆርጠን ነው ያስገባነው። እኔ የፋብሪካ ስህተት መስሎኝ…»

«አልነገርከኝም።»

«ብነግርሽ ሻንሲ ቁጥሩስ ትይኛለሻ!»

የቀረው ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ማወቅ ነበር። ሐሙስ ጠዋት የአሥራ ሰባት ቁጥር ጋቢና የተቀየረበትን፣ የዛሬ ዘጠኝ ዓመቱን የወጪ ወረቀት ጥራዝ አወረደች። አቧራውን ወደ ጎን ነፋች። ያኔ አሥራ ሰባት ቁጥር በሌላ ሾፌር እጅ ተገልብጣ ጋቢናዋ ተጨፍልቆ ነበር። በዚያው ሰሞን ደግሞ አንዲት 2628 ሻንሲዋ ተጣሞ ስለተጣለች ደህና የቀረው ጋቢናዋ ተነቅሎ መጋዘን ገብቷል። ጋራዡ ያንን ጋቢና ወስዶ አሥራ ሰባት ላይ ጫነው። በሩ ላይ ያለው ቁጥርም፣ የበሩ ውስጥ ሰሌዳም ከነጋቢናው አብረው ሄዱ። ወረቀቱ ላይ «ዕቃው የሚገጠምበት መኪና ሞዴል» የሚል ሣጥን አለ። 2628 ተብሎ ተሞልቷል። ስምሪት ግድግዳው ላይ የለጠፈውን ዝርዝር ያረመው ከዚህ ወረቀት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ያንን ዝርዝር ከመኪናዋ ጋር ያስተያየ ሰው የለም። ሊብሬዋ ላይ ትክክለኛው ሻንሲ ቁጥር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ተጽፎ ተቀምጧል። ሊብሬ የሚነበበው ትራፊክ ሲያስቆም ነው።

2628 ያለው እጅ ጽሑፍ የእሷ ነበር።

ቀኑን አስታወሰችው። ሽማግሌው ጡረታ ሊወጡ ርክክብ ላይ የነበሩበት ሳምንት ነው። መንጋጋዋ ታሞ ጉንጯ አብጧል፤ ጥርሷን ልትነቀል ለአምስት ሰዓት ተቀጥራለች። ሰዓቱ አራት ተኩል ነበር። ጋቢናው መሬት ላይ ተቀምጧል፣ በሩ ላይ ቁጥሩ ያበራል። አየችው፣ ጻፈችው፣ ሄደች። በዚያ ሳምንት እንኳ ከዚያች ወረቀት በፊትም በኋላም ዕቃ ሊወስድ የመጣ ሰው ሁሉ ሻንሲ ቁጥሩን ተጠይቋል። ራሷን ግን አልጠየቀችም።

ከእጅ ጽሑፏ በታች ፊርማ አለ፤ ከጥርስ ሕመም ጋር የተጣለ ጭረት፣ የማንም ሊሆን የሚችል። ማህተሙ ግን የሽማግሌው ነው፤ በዚያ ሳምንት የእሷ ገና አልተቀረጸም ነበር።

ሹሙ በትከሻዋ ላይ አንገቱን አስግጎ አነበበ። ሞኝ ሰው አይደለም፤ የእጅ ጽሑፏን ዘጠኝ ዓመት አይቶታል።

«ማህተሙ የእሳቸው ነው» አለ።

«አዎ።»

«እሳቸው ደግሞ አርፈዋል፤ አራት ዓመታቸው። ቤተሰብም የላቸው። ማንም አይጎዳም፣ እትዬ። ያንቺም ሰውዬ ነጻ ይወጣል፣ አንቺም መስኮትሽ ላይ ትቀመጫለሽ።»

ሕጉን ሁለቱም ያውቁታል። የተሳሳተ ወረቀት አውጥቶ ጉዳት ያደረሰ የመጋዘን ሠራተኛ ከመጋዘን ይነሳል። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ይቀራታል። ወረቀቱን ከጥራዙ ነቅላ በአጀንዳዋ ውስጥ አደረገችው። ለሹሙ እሺም እንቢም አላለችውም።

የዚያን ዕለት ማታ፣ እራት ሳይቀርብ፣ ለእህቷ ነገረቻት። ሁሉንም፤ ጥርሱንም ጭምር። ከእህትየው ምስጋና አልነበረም የመጣው።

«ዘጠኝ ዓመት!» አለች። «ዘጠኝ ዓመት ሰነፍ፣ እግሩ እምቢ ያለው፣ ጫማ ይቀይር… አንቺስ አልሳቅሽም? እኔ ራሴ ስቄበታለሁ እኮ! ልጆቹ ፊት!»

ከግድግዳው ማዶ ድምፅ መጣ። በሽተኛው ሲሰማ ነበር።

«ስንት ነው አልሽ፣ እትዬ? ጉልበቷ?»

«ሁለት መቶ አርባ።»

«እነሱ ሁለት መቶ ሰማኒያ ብለው ነው የላኩኝ?»

«አዎ።»

«ታዲያ አርባውን ፈረስ ማን በላው?» አለና ሳቀ። ሳቁ የተሰበረውን ጎኑን ያዘው፤ «ወይኔ ወይኔ» እያለ፣ እየሳቀ፣ እየተሳደበ ቆየ። እህትየው ልትደግፈው ሮጠች። እትዬ በክፍሏ ብቻዋን ቀረች። አጀንዳዋን ከፍታ ወረቀቱን አየችው፤ ዘጋችው።

ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰብሳቢው የአስተዳደር ኃላፊው ነው፤ ረጋ ያለ ሰው፣ ሲያዳምጥ መነጽሩን የሚያወልቅ። ተከሳሹ አንገቱ ታስሮ፣ ክንዱ ደረቱ ላይ ተንጠልጥሎ ጥግ ላይ ተቀመጠ። እትዬ ካታሎጉን ታቅፋ ስትገባ የስምሪት ኃላፊው ከወንበሩ ከፍ አለ።

«እሷ ምን ልትሠራ መጣች? የእህቷ ባል ነው!»

«ዘመድነቴን ልመሰክር አልመጣሁም» አለች። «አሥራ ሰባት ቁጥር ሃያ ስድስት አይደለችም። ሃያ ሁለት ናት።»

«ዝርዝሩ ላይ ሃያ ስድስት ነው የሚለው። በሩ ላይም ሃያ ስድስት ነው የሚለው።»

«ብረቷ ላይ ሃያ ሁለት ነው የሚለው።»

«ማን አይቶት?»

«እኔ።»

«እኮ! ዘመዱ!»

ሰብሳቢው መነጽሩን አጠለቀ። «መኪናዋ እዚሁ አይደለችም እንዴ?» አለ። «ወርደን እንየው።»

ወረዱ። ካርቶኑ ከረቡዕ ጀምሮ እዚያው ተነጥፏል። ሰብሳቢው ካርቶኑን አየ፣ ኮቱን አየ፣ የስምሪት ኃላፊውን አየ።

«እስቲ አንተ።»

«እኔ?»

«ዘመዱ ያልሆነ ሰው ያንብበው አላልክም?»

ኃላፊው ሱሪውን በሁለት ጣት ከጉልበቱ ከፍ አድርጎ ተንበረከከ፤ አልታየውም። በክርኑ ወረደ፤ አልታየውም። በመጨረሻ ከነካውያው መስመር በጀርባው ተዘረጋ። እትዬ የእጅ ባትሪዋን አቀበለችው። ቁጥሮቹን ጮክ ብሎ ጠራ፤ ከስር ሲመጣ ድምፁ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ሰብሳቢው ካታሎጉ ላይ ጣቱን እያስኬደ ተከተለ። ሲደርስ ቆመ። እንደገና ጥራልኝ አለው። እንደገና ጠራለት።

«ሃያ ሁለት ሃያ አራት» አለ ሰብሳቢው። «ስለዚህ ሠላሳ አምስቱን ኩንታል የጫነበት የራሳችን ዝርዝር ነው።»

የእህቷ ባል በደህና እጁ ጆሮውን አከከ።

«ዝርዝሩ የመጣው ከየት ነው?»

እትዬ ወረቀቱን ከአጀንዳዋ አውጥታ ሰጠችው። ሰብሳቢው አነበበ፤ ማህተሙን ወደ ብርሃን አዞረ።

«ይሄ የቀድሞው ሰውዬ ማህተም ነው። እሳቸው ናቸው የሞሉት?»

የጋራዡ ሹም ጫማውን እያየ ነበር። እትዬ የተጠየቀችውን ያህል ብቻ መለሰች።

«ማህተሙ የእሳቸው ነው። የሞላሁትም የፈረምኩትም እኔ ነኝ።»

«ሻንሲውን ሳታዪ?»

«ሳላይ።»

«አንቺ?» አለ የስምሪት ኃላፊው። ጀርባው በሙሉ ሲሚንቶና ግራሶ ነው። ሊስቅ ፈልጎ ነበር፤ ሳቁ ግን አልመጣለትም።

ሁለቱ ደብዳቤዎች ማክሰኞ ወጡ። በአንደኛው የአሥራ ሰባት ቁጥር ሾፌር ከማንኛውም ጥፋት ነጻ መሆኑ ተረጋግጦ፣ አጥንቱ ሲጠገን በሌላ መኪና ወደ ሥራው እንዲመለስ ተወሰነ። በሁለተኛው የመጋዘን ሠራተኛዋ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት ከመስኮቷ ተነሳች፤ ጡረታ እስክትወጣ መዝገብ ቤት ትመደባለች። ከዚያ በፊት ግን የቀሩትን አርባ ሁለት መኪኖች ሻንሲ ቁጥር አንድ በአንድ አንብባ አዲስ ዝርዝር እንድታዘጋጅ ታዘዘች። ቁልፉን ለተተኪዋ ለማስረከብ ሦስት ቀን ፈጀባት። ቡሎን ሳይቀር አስቆጠረች።

የእህቷ ባል አላመሰገናትም። ያመሰግናል ብላም አልጠበቀች። የተሰበረ አጥንቱ እስኪያያዝ ድረስ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ተቀምጦ ለሚያልፍ ሁሉ የአርባውን ፈረስ ታሪክ ያወራል፤ በሦስተኛው ሳምንት ፈረሶቹ ስልሳ ደርሰዋል። እህትየው ለጥቂት ቀን አኮረፈቻት፤ ከዚያ አንድ ምሽት ምንም ሳትል ሳህን ይዛ ገባችና አብረው በሉ።

አርባ ሁለቱን መኪኖች ለማንበብ ሁለት ወር ገደማ ወሰደባት፤ መኪኖቹ መንገድ ላይ ስለሆኑ የሚገኙት ሲመለሱ ነው። አዲስ ካርቶን ትይዛለች፣ ባትሪዋን፣ ብሩሿን። አብዛኞቹ በራቸውም ብረታቸውም አንድ ቃል ነበሩ። ሠላሳ አንድ ቁጥር ላይ ግን ነገሩ ተገልብጦ ተገኘ። በሩ 2224 ይላል፤ ብረቱ 2628 ነው። ይህቺ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ ከአቅሟ በታች ስትጭን የኖረች ናት። እትዬ ያየችውን ጻፈች። ወረቀቱ ስምሪት በገባ በሰዓቱ ኃላፊው ለሠላሳ አንድ ቁጥር ሠላሳ አምስት ኩንታል ጨመረላት።

የሠላሳ አንድ ሾፌር የመጫኛ ትዕዛዙን እያራገበ ግቢውን አቋርጦ መጣ። እትዬ ሌላ መኪና ስር ነበረች፤ የሚታየው ጫማዋ ነው። አጎንብሶ ለጫማው ተናገረ።

«እትዬ! መቶ ስልሳ ጫን አሉኝ! ትችላለች ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«ብረቷ ነው ያለው።»

«የአሥራ ሰባቱንም ወረቀት እንዲሁ ብለሽ ነው የጻፍሽው፤ አትቀየሚኝ።»

«አልቀየምም።»

«ታዲያ በምን ልመንሽ?»

ከስር ወጣች። ፀጉሯ ላይ ጭቃ አለ። ካርቶኑን ጎትታ፣ ብሩሹን ብብቷ ስር አድርጋ ወደ ሠላሳ አንድ ቁጥር ሄደች፤ ሰውዬው ተከተላት። ከፊተኛው ቀኝ ጎማ ኋላ አነጠፈችና የእጅ ባትሪዋን ዘረጋችለት።

«አትመነኝ። ራስህ አንብበው።»

ሾፌሩ ባትሪውን አየ፣ ካርቶኑን አየ፣ ልብሱን አየ።

«ቱታዬ እኮ ዛሬ ነው የታጠበው።»

«ተኛ» አለችው።